ትሪኒዳድና ቶቤጎ፦ አንዱ በዓል ሲገባ ሌላው ለምን ይወጣል?

ዘብሩክሊን (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የምሠራው ብሩክሊን ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሲሆን፣ በሌሊት ተራ አብራኝ የምትውለው፣ ይልቁንም የምታድረው ሴት የትሪኒዳድ ተወላጅ ናት። ሰሞኑን ስለየአገራችን በዓላት ስንጨዋወት የአገሯን የቀን መቁጠሪያ በስልኳ አሳየችኝ። በዓመት 14 ቀን ሥራ ይዘጋል። ስቅለት፣ የፋሲካ ማግሥት፣ የካቶሊኮች ሥጋ ወደሙ፣ ዒድ አል ፈጥር፣ የሂንዱዎች ዲቫሊና ገና በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገረመኝ፤ ምክንያቱም የአገሪቱ ሕዝብ ከ1.5 ሚሊዮን አይበልጥም።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኦገስት 1 ቀን የሚከበረው ባሪያዎች ነጻ የወጡበት መታሰቢያ ነው። እናቷ ግን ልጅ ሳለች በዚያው ሰሞን ያከበረችው በዓል ኮሎምበስ ደሴቲቱን «ያገኘበት» ቀን እንደነበረ ነገረችኝ። በአንድ የዕድሜ ዘመን ውስጥ የአንድ ቀን ትርጉም እንዲህ ከተገለበጠ፣ የቀሩት በዓላትስ እንዴት እዚያ ገጽ ላይ ደረሱ? ማን አስገባቸው? ለማን ቦታ ለመስጠትስ ማን ወጣ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፋቸው ግራ አንጋባም።

አንድ የቃል ችግርም አለብኝ። እነርሱ ከባርነት የወጡበትንና ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የተላቀቁበትን ቀን በሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠሩታል፤ እኛ ሁለቱንም «ነጻነት» እንላለን።

ዘመን ቆጣሪ

ለቃሉ ችግር መፍትሔው ከራሳችን ቤት አለ። ባሪያ ሲለቀቅ «አርነት ወጣ» ይባል ነበር፤ ስለዚህ ኦገስት 1ን የአርነት ቀን፣ ኦገስት 31ን የነጻነት ቀን ብንላቸው ይለያሉ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ኮሎምበስ በሦስተኛ ጉዞው ደሴቲቱን ያያት ጁላይ 31 ቀን 1498 ነው። የግኝት ቀን የሚባለው በዓል በኦገስት መግቢያ ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነበር። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ፓርላማ በ1833 ያወጣው ባርነትን የሚሽር ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 1834 ነው። ስለዚህ ሁለቱ ታሪኮች በቀን መቁጠሪያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ነበር ማለት ይቻላል፤ ለረጅም ጊዜ ያሸነፈውም መርከበኛው ነው። በ1985 መንግሥት የግኝት ቀንን አንሥቶ የአርነት ቀንን በብሔራዊ በዓልነት ሲያውጅ ተራው ተገለበጠ። ትሪኒዳዳውያን ይህን በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ነን ብለው በኩራት ይናገራሉ።

ይሁን እንጂ ከበዓሉ በስተጀርባ ያለው ቀን ራሱ ንጹሕ የደስታ ቀን አልነበረም። ሕጉ ወዲያውኑ ነጻ ያወጣው ከ6 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ብቻ ነው። የቀሩት «ለማጅ ሠራተኞች» ተባሉ፤ የእርሻ ሠራተኛው ለተጨማሪ 6 ዓመት ለዚያው ለቀድሞ ጌታው በሳምንት አብዛኛውን ሰዓት ያለ ደመወዝ እንዲሠራ ተፈረደበት። ዕድሜ ልኩን አገዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ምን እንዲለምድ እንደተፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የተከፈለውም ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው፤ ለባሪያዎቹ አንድም ሳንቲም አልተሰጠም።

በዚያው ዕለት በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ልጆች የሆኑ ሰዎች በአገረ ገዢው በሰር ጆርጅ ሂል ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ተሰብስበው «ስድስት ዓመት የለም!» ብለው ጮኹ። የጮኹትም በፈረንሳይኛ ነበር። ደሴቲቱን እንግሊዞች በ1797 ከስፔን እጅ ቢወስዷትም፣ ከዚያ ቀደም በ1783 የስፔን ንጉሥ ካቶሊክ ሰፋሪዎችን በመሬት ስጦታ ስለጋበዘ ከነባሪያዎቻቸው የመጡት በብዛት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የሥጋ ወደሙ በዓል እስከ ዛሬ ሥራ የሚያዘጋው የዚያ ዘመን ካቶሊካዊነት ውርስ ሆኖ ነው። ሰልፈኞቹ ግን ለቀናት አልበተን አሉ፤ ብዙዎቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹም ተገረፉ። የለማጅነት ሥርዓቱ ከታሰበው 2 ዓመት ቀድሞ ኦገስት 1 ቀን 1838 ተሻረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሊታወስ የሚገባው ከ1834ቱ ዐዋጅ ይልቅ በደጃፉ ላይ የተሰማው ጩኸት ነው።

ጥርጥር አይከፋም

ዘመን ቆጣሪ በሚገባ ጽፈዋል፤ ነገር ግን ነገሩን በጥቂቱ አክብረውታል። በዓል የሚታወጀው ታሪክ ስለተገለጠ ሳይሆን የመራጭ ድምፅ ለመግዛት ነው። የ1996ን ዓመት ተመልከቱ። በኖቬምበር 1995 ባስዴዎ ፓንዴይ የመጀመሪያው የህንድ ዝርያ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በተከታዩ ዓመት ባንድ ወገን የህንዶች መምጫ ቀን የሚለው ስም ጸና፤ በሌላ ወገን ደግሞ አፍሪካዊ መሠረት ላላቸው ባፕቲስቶች በዓል ተሰጣቸው። አንዱ በቀኝ እጅ፣ ሌላው በግራ እጅ። በ2011 ቆጠራ ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉ ህንዳዊ፣ 34 በመቶ ያህሉ አፍሪካዊ ዝርያ ባለበት አገር ውስጥ ይህ ሚዛን መጠበቅ እንጂ ታሪክ ማስታወስ አይመስለኝም።

ሰሊሆም

ጥርጥር አይከፋም ሆይ፣ የፖለቲካውን ስሌት አልክድም፤ ነገር ግን ባፕቲስቶቹን «በዓል የተሰጣቸው» ብሎ ማለፍ ታሪካቸውን ይቆርጠዋል። ሰዎቹ በዓሉን ከመቀበላቸው በፊት ለ34 ዓመታት አምልኳቸው በሕግ የተከለከለ ነበር።

ኖቬምበር 28 ቀን 1917 የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት «የጯሂዎች ክልከላ» የሚባል ሕግ አወጣ። ጯሂዎች ያሏቸው እነዚህን መንፈሳውያን ባፕቲስቶች ነው፤ ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም ነበር። ሕጉ እነማንን እንደሚመለከት ለመለየት የዘረዘራቸውን ምልክቶች ሳነብ ለደቂቃ ያህል ንባቤን አቋርጬ ተቀምጫለሁ። ራስን በነጭ ጨርቅ ማሠር፣ የበራ ሻማ በእጅ መያዝ፣ በጸሎት መካከል በየጊዜው ደወል መደወል፣ ሰውነትን እያንቀጠቀጡ መጮኽ። ነጠላ ተከናንባ ጧፍ ይዛ ደጀ ሰላም የቆመችውን እናቴን አሰብኩ። በዚያ ሕግ መሠረት ፖሊስ ገብቶ እንዲህ የሚጸልዩትን ሰዎች ማሰር ይችል ነበር፤ ያስርም ነበር። ምእመናኑ ወደ ጫካና ወደ ኮረብታ ወጥተው በሌሊት ይጸልዩ ጀመር።

ሕጉን ለማሻር ከግሬናዳ የመጣው ኤልተን ጆርጅ ግሪፊዝ በ1940ዎቹ ውስጥ ምእመናኑን አደራጅቶ በአቤቱታ ለዓመታት ተመላለሰ። የተሻረው ማርች 30 ቀን 1951 ነው። የበዓሉም ቀን ይኸው ነው። በሌላ አነጋገር መንግሥት ከ1996 ጀምሮ እያከበረ ያለው የራሱ ምክር ቤት ያወጣውን ክፉ ሕግ መልሶ የቀደደበትን ቀን ነው። እንዲህ ያለ በዓል ያለው ሌላ አገር አላውቅም።

ስለ መገፋፋቱ ለጠየቁት ዘብሩክሊን ደግሞ፣ ይህ በዓል ሲገባ በምትኩ የሪፐብሊክ ቀን ከ1999 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጥቶ ነበር፤ በ2002 ተመለሰ። ቦታ ጠባብ ነው ማለት ነው።

የወደብ ልጅ

ስለ ሠራተኞች ቀን ማንም ስላላነሣ እኔ ልጨምር፤ ምክንያቱም ከእኛም ጋር ገመድ አለው።

ትሪኒዳድ እንደ አብዛኛው ዓለም ሜይ 1ን አታከብርም። የምታከብረው ጁን 19ን ነው፤ በብሔራዊ በዓልነት የታወጀውም በ1973 ነው። በ1937 በዚያ ቀን በደቡቡ የነዳጅ ቀበሌ በፋይዛባድ፣ ፖሊሶች ቱባል ዩራያ በትለርን ሕዝብ ሰብስቦ በሚናገርበት መድረክ ላይ ሊይዙት መጡ። በትለር የግሬናዳ ተወላጅ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ በነዳጅ ጉድጓድ ሥራ ላይ ተጎድቶ እግሩ የሚያነክስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ የሚሰብክ ሰው ነበር። ሕዝቡ አላስይዝም ብሎ አስመለጠው። ሊያሳድደው የሞከረው ቻርሊ ኪንግ የሚባል የፖሊስ አባል በሕዝቡ ተከብቦ፣ በነዳጅ ተቃጥሎ ሞተ። አድማው ከነዳጁ ወደ ሸንኮራው፣ ከሸንኮራውም ወደ ከተማው ተዛመተ፤ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችም መጡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሠራተኞች በየዓመቱ ጁን 19 ቀን ሰልፍ የሚወጡበት፣ የበትለርም ሐውልት የቆመበት መስቀለኛ መንገድ እስከ አሁን የሚጠራው በፖሊሱ ስም ነው፤ የቻርሊ ኪንግ መገናኛ ይባላል። ሕዝብ አንዳንዴ የገደለውንም አይረሳም።

የእኛ ገመድ የቱ ጋ ነው? ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር፣ በፖርት ኦፍ ስፔን ታላላቅ የተቃውሞ ስብሰባዎች ተደርገዋል፤ የወደቡ ጫኝና አውራጆችም የጣሊያን መርከብ ጭነት አናወርድም ብለው ነበር። ከቀስቃሾቹ ፊት የነበረችው ከሴንት ቪንሰንት ደሴት የመጣችው ኤልማ ፍራንስዋ ናት። ይህች ሴት ሥራ ፈቶችንና ረኀብተኞችን የሚያደራጅ ማኅበር መሥርታ ስለ ደመወዝ የምትናገርበትን አንደበት ስለ ኢትዮጵያም ትናገርበት ነበር። በ1938 ሕዝብን በመንግሥት ላይ አነሣሥተሻል ተብላ ስትከሰስ ራሷ ተከራክራ በነጻ ተለቀቀች። የታሪክ ጸሐፊዎች የ1937ቱን ዐመፅ ሲያብራሩ የነዳጅ ኩባንያዎቹን ዝቅተኛ ደመወዝና የኑሮውን ውድነት ካነሡ በኋላ የኢትዮጵያን መወረር ሳይጠቅሱ አያልፉም። ነጭ መንግሥታት ጥቁር መንግሥትን እንዴት አሳልፈው እንደሰጡ ያየ ሠራተኛ፣ የራሱን አሠሪና የራሱን አገረ ገዢ በሌላ ዓይን ማየት ጀምሮ ነበር። የፋይዛባዱ ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ከተጀመረ ልክ በአራተኛው ወር የዋለ ነው።

ለጥርጥር አይከፋም አንድ ነገር ልበል። ያ አድማ አፍሪካዊውንና ህንዳዊውን አንድ ላይ ያቆመ ነበር። በትለር ሲታሠር የነዳጅ ሠራተኞቹን ማኅበር የመራው ኤድሪያን ኮላ ሪዬንዚ የህንድ ዝርያ ያለው ጠበቃ ነው፤ የሸንኮራ ሠራተኞቹንም ማኅበር ይመራ የነበረው እርሱ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወገን ድርሻ ተብሎ ሊከፈል የማይችል በዓልም አለ።

ነጋሪት

የወደብ ልጅ ያነሡትን ላጠናክር። በኤፕሪል 1966 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጃማይካ ከመሄዳቸው በፊት መጀመሪያ የጎበኙት ትሪኒዳድን ነው። ሁላችንም የምንተርከው የኪንግስተኑን አቀባበል ስለሆነ ይህኛው ተረስቷል። ኮሎምበስ ደሴቲቱን በቅድስት ሥላሴ ስም ስለጠራት ትሪኒዳድ ማለት ሥላሴ ማለት ነው፤ ኃይለ ሥላሴ ሥላሴን ጎበኙ ብንል ያስኬዳል። በተረፈ በፖርት ኦፍ ስፔን የአርነት ቀን ሲከበር ባዛሩና ትርኢቱ የሚቀርብበት ሰፈር በአንድ ሟች የበዓሉ መሥራች ስም «የልጅ ኢያሱ ኦሞዋሌ የአርነት መንደር» ይባላል። የመጀመሪያው ስም የእኛ፣ ሁለተኛው የዮሩባ ነው። ልጅ ኢያሱ እኛ ዘንድ ያጡትን ቦታ እዚያ አግኝተዋል።

ዘመን ቆጣሪ

ሰሊሆም የሪፐብሊክ ቀንን ስላነሡ በአጭሩ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

የነጻነት ቀን ግልጽ ነው። በ1958 የተመሠረተው አሥር አባላት ያሉት የምዕራብ ህንድ ደሴቶች ፌዴሬሽን ጃማይካ በ1961 በሕዝበ ውሳኔ ስትወጣበት ፈረሰ። የትሪኒዳዱ መሪ ኤሪክ ዊሊያምስ «ከአሥር አንድ ሲቀነስ ዜሮ ነው» በሚለው ታዋቂ ስሌታቸው አገራቸውንም አስወጡ። ኦገስት 31 ቀን 1962 እኩለ ሌሊት ላይ በፖርት ኦፍ ስፔን ቀይ ቤት በሚባለው ሕንፃ ፊት የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ የራሳቸው ወጣ። ንግሥቲቱ ግን ርእሰ ብሔር ሆና ቆየች።

አገሪቱ ሪፐብሊክ የሆነችው ኦገስት 1 ቀን 1976 ነው። በዓሉ ግን የሚከበረው ሴፕቴምበር 24 ቀን፣ በአዲሱ ሕገ መንግሥት የተመረጠው ፓርላማ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰበሰበበት ዕለት ነው። ከሁሉም በዓላት ስሜት የማይቀሰቅሰው ይህኛው ይመስለኛል፤ ለሦስት ዓመት ሲነሣ አገር አልተናወጠም።

ሐረርጌ ከዱባይ

ስለ ህንዶች መምጫ ቀን አንድ ሰው ይጽፋል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ። እኔ የምኖርበት አገር ውል ፈርሞ ባሕር ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያስተምር፣ ይህን በዓል እንደ ሚዛን ማስጠበቂያ ብቻ ማየት ይከብደኛል።

ባርነት ሲቀር የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶች ርካሽ ጉልበት ፈለጉ። ሜይ 30 ቀን 1845 ፈታል ራዛክ የተባለች መርከብ ከካልካታ ተነሥታ ከሦስት ወር በላይ በባሕር ላይ ቆይታ፣ 225 ገደማ ህንዶችን ይዛ ፖርት ኦፍ ስፔን ደረሰች። የመርከቢቱ ስም ዐረብኛ ነው፤ ረዛቅ ሲሳይ ሰጪው አላህ የሚጠራበት ስም መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ 1917 ድረስ ከ140,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ መንገድ መጡ። ውሉ 5 ዓመት ነበር። ሠራተኛው ከእርሻው ክልል ያለ ይለፍ ወረቀት ከወጣ ይታሠር ነበር፤ ሥራ መተው በወንጀል ያስከስስ ነበር። በ1884 በሳን ፈርናንዶ የሙሐረምን መታሰቢያ ይዘው በሰልፍ የወጡ ሰዎች ላይ ፖሊስ ተኩሶ ቢያንስ 16 ገድሏል። ያ ሥርዓት «ሆሴ» እየተባለ እስከ ዛሬ በሴንት ጄምስና በሴድሮስ ይከበራል፤ የሕዝብ በዓል ግን አይደለም።

ዒድና ዲቫሊ የሕዝብ በዓል የሆኑት በ1966 ነው፤ የመጡበት ቀን ራሱ በዓል ለመሆን ግን እስከ 1995 መጠበቅ ነበረበት። ያኔም ስሙ «የመምጫ ቀን» ብቻ ተብሎ ማን እንደመጣ ሳይነገር ቀርቶ ነበር። «የህንዶች» የሚለው ቃል የተጨመረው በተከታዩ ዓመት ነው። ጥርጥር አይከፋም ድምፅ ለመግዛት ነው ያሉት ያንን አንድ ቃል መሆኑ ነው። ለእኔ ግን 150 ዓመት ከቆየ በኋላ የመጣ ቃል ነው።

ጥርጥር አይከፋም

ሐረርጌ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ «መግዛት» ያልኩት ቃል ሻካራ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቅርብኝ አልልም። የአገሪቱ ስም በዓለም የሚታወቀው ካርኒቫል በሚባለው የጎዳና ጭፈራ በዓል ነው፤ ካርኒቫል ግን በ14ቱ ውስጥ የለም። ለምን?

ሰሊሆም

ካርኒቫል በሕግ የሕዝብ በዓል አይደለም፤ ነገር ግን ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ ቢሮውም ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው፤ የሚሠራ ቢኖር የሚያገለግለው ሰው አያገኝም። በ1881 የፖሊስ አዛዡ ካፒቴን ቤከር በካርኒቫል የሚወጣውን የነጻ ወጪዎች የችቦ ሰልፍ በኃይል ሊያስቆም ሞክሮ ከዱላ ተፋላሚዎች ጋር ተጋጭቷል። የሚከለክለው ሕግ ያላሸነፈው በዓል የሚፈቅድለትም ሕግ አላስፈለገው ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ዘመን ቆጣሪ

ስለሌሉት ከተነሣ፣ ከሁሉም ቀድመው የነበሩት ሰዎች ቋሚ በዓል የላቸውም። የአሪማ ከተማ የቀደምት ሕዝቦች ማኅበረሰብ ለዓመታት ጠይቆ፣ መንግሥት ኦክቶበር 13 ቀን 2017ን ለአንድ ጊዜ ብቻ ሥራ የሚዘጋበት ቀን አድርጎ ሰጣቸው። በ2013 ቀይ ቤት ሲታደስ ከወለሉ ሥር ከኮሎምበስ በፊት የነበሩ ሰዎች አጽም ተገኝቶ ነበር። የ1962ቱ ባንዲራ የተሰቀለው በዚያ መቃብር ደጃፍ ነበር ማለት ነው። የኮሎምበስ ሦስት መርከቦች ደግሞ ከብሔራዊ አርማው ላይ ወጥተው በምትካቸው የብረት ከበሮው ስቲልፓን እንዲገባ የተወሰነው ገና በ2025 መግቢያ ላይ ነው።

ዘብሩክሊን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያልጠበቅሁትን ያህል ተማርሁ።

የጻፋችሁትን እየተረጎምሁ ለባልደረባዬ ነገርኳት። የበትለርን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ አባቷ የነዳጅ ሠራተኛ ነበሩና ጁን 19 በመጣ ቁጥር ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ፋይዛባድ ይሄዱ እንደነበር አጫወተችኝ። የወደቡ ሠራተኞች የጣሊያንን መርከብ አናወርድም ማለታቸውን ግን አልሰማችም ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ኦገስት 1 እዚህ የሥራ ቀን ነው። የዚያን ሌሊት ተራዋን እኔ ልሠራላት ተስማምተናል፤ እርሷ ደግሞ የጥምቀት ዋዜማን ትይዝልኛለች።